ከቅርጫ ማግስት፦ ውሻ፣ ድመትና የግቢያችን ንጽሕና

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ የዛሬው ትምህርታችን ስለ ውሻና ስለ ድመት ነው። በተለይ በየደጁ ስለሚጥሉት ዓይነ ምድር እንነጋገራለን። ማን ያንሳው? እንዴት ይነሳ? ባይነሳስ ምን ያመጣል? ምግብ የቀረበላችሁ ካላችሁ ይቅርታ አድርጉልን፤ ነገሩ ለማዕድ የሚሆን ወሬ አይደለም። ዝም ስላልነው ግን ከደጃችን አልተነሳምና ዛሬ በግልጽ እናውራው።

ከወልዲያ ተነስቶ አላ ውሃን ተሻግሮ ወደ ቆቦ የሚያልፍ መንገደኛ የጎብዬን ከተማ የሚያውቃት በአስፋልቷ ግራና ቀኝ ነው። ከባድ መኪና ይቆማል፣ ሾፌሩ ምሳውን ይበላል፣ ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሁለት ሦስት ውሻ ተጋድሞ ቅንጥብጣቢ ይጠብቃል። ከአስፋልቱ ገባ ሲባል ደግሞ በየግቢው አንድ ውሻ፣ በየጓዳው አንድ ድመት አይጠፋም።

ገጠር ያለ ውሻ ቦታ አይጠበውም። ከብት ተከትሎ ይውላል፣ ማሽላ ሲያሽት ማሳ ላይ ያድራል፤ የሚጥለውንም ከሰው ርቆ ይጥላል፤ ፀሐይና ነፋስ የራሳቸውን ይሠራሉ። ከተማ ሲገባ ግን አጥር ላጥር ተያይዞ ነው ኑሮው። የአንዱ ውሻ የሚጥለው የሌላው ደጃፍ ላይ ነው። የአንዱ ድመት የምትቆፍረው የሌላውን የጎመን መደብ ነው። ከተሞቻችን እየሰፉ ሲሄዱ ልማዳችን ግን ገና የገጠሩ ነው። የዛሬው ትምህርታችን መነሻም ይኸው ነው።

ዛሬ አንድ ነገር ይዛችሁ እንድትሄዱ እንፈልጋለን፦ የውሻ ቆሻሻ ጽዳት የሚጀምረው ውሻው ከጣለ በኋላ አይደለም። የሚጀምረው ቢላ ስናነሳ ነው። ምክንያቱን እናስረዳ።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ በዓል ደረሰ እንበል። ጎረቤት ተሰባስቦ በሬ ገዝቶ ቅርጫ ያርዳል። ቆዳው ተገፎ ሆዱ ሲከፈት፣ አንዳንዴ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ነጣ ያለ፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይታያል። ትንሹ አተር ያክላል፤ ትልቁ ከዕንቁላልም ይበልጣል። ሲወጉት ጥርት ያለ ውሃ ይፈናጠራል። አራጁ ያንን ክፍል በቢላው ቆርጦ፣ «ይሄ ለሰው አይሆንም፤ ለውሻ ነው» ብሎ ወደ አጥሩ ይወረውረዋል። ደጅ ሲጠባበቅ የዋለው ውሻ ቀለብ ያደርገዋል።

ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ባዶ ውሃ አይደለም፤ ዓይን የማያያቸው በጣም ብዙ የትል ጭንቅላቶች አሉበት። ውሻው ሲውጣቸው አንጀቱ ላይ ተጣብቀው ያድጋሉ። የጎለመሰችው ትል ርዝመቷ ከ2 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ አንድ ውሻ ግን በሺህ የሚቆጠሩ ሊሸከም ይችላል። ውሻውም የታመመ አይመስልም፤ ይሮጣል፣ ይጮሃል፣ ይበላል። ስድስት ሰባት ሳምንት ገደማ ሲያልፍ ግን የትሎቹ ዕንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር መውጣት ይጀምራል። ሣር ላይ፣ ውሃ ላይ፣ የጓሮ አትክልት ላይ ይወድቃል። ውሻው ራሱን ሲልስ ፀጉሩ ላይም ይጣበቃል።

ያንን ሣር በግ፣ ፍየል፣ ከብት ወይም ግመል ሲግጠው ዕንቁላሉ ሆዱ ገብቶ ይፈለፈላል፤ ጉበትና ሳንባው ላይ ከረጢት ይሠራል። ለቀጣዩ በዓል ያ እንስሳ ሲታረድ ከረጢቱ ተመልሶ ለውሻ ይጣላል። ዙሩ እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

ሰውስ በምን ይገባል? ብዙ ሰው የሚያስበው የታመመውን ጉበት በመብላት እንደሆነ ነው። በሽታው ወደ ሰው የሚተላለፈው ግን በዚያ መንገድ አይደለም። ሰው የሚያዘው ከውሻው የወጣውን ዕንቁላል ሲውጥ ነው። ልጅ ቡችላ አቅፎ ሲጫወት ውሎ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ይቆርሳል። እናት ያልታጠበ ሰላጣ ታቀርባለች። ከዚያ በኋላ ዓመታት ያልፋሉ። ከረጢቱ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ቀስ እያለ ያድጋል፤ ሰውየው ምንም ላይሰማው ይችላል። አንድ ቀን የቀኝ ጎኑን ይከብደዋል፣ ወይም ያስለዋል፤ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ሲታይ ከረጢቱ አድጎ ይገኛል። ሕክምናው ለወራት የሚወሰድ መድኃኒት፣ ብዙ ጊዜም ቀዶ ሕክምና ነው።

በኮምቦልቻም ሆነ በሌሎች ቄራዎች የሥጋ መርማሪዎች እንዲህ ያለ ሳንባና ጉበት ሲያገኙ ለይተው ያስወግዱታል። በግቢያችን ቅርጫ ላይ ግን መርማሪ የለም፤ አራጁም፣ መርማሪውም፣ ጣዩም እኛው ነን። ስለዚህ ኃላፊነቱም የእኛ ነው።

ምን እናድርግ? ከረጢት ያለበትን ሳንባ፣ ጉበት፣ ማንኛውንም የሆድ ዕቃ ጥሬውን ለውሻ አንስጥ። ወይ ጉድጓድ ቆፍረን ውሻና ጅብ በማይደርስበት ጥልቀት እንቅበረው፤ አፈሩ ላይም ድንጋይ እንጫን። ወይ እናቃጥለው። ለውሻ መስጠት የግድ ከሆነ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ድስት ውስጥ ይፍላ፤ ትሉ ይሞታል። የሥጋ ቤት ባለቤቶች፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል። ደጃፍ ላይ የሚወረወር ቅንጥብጣቢ ባለቤት የሌለውን ውሻ ሁሉ ከየሰፈሩ ይጠራል። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይባላል፤ ማታ ለውሻ የጣልነውን ፍለጋ ሌሊት ጅብ ከተማ መግባቱም አይቀርም።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ደጃፋችን እንምጣ። ውሻ ከዚህኛው ትል ሌላ ወስፋትና መንጠቆ ትልም አለው። ቡችላ ገና በእናቱ ሆድ ሳለ በወስፋት ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ «ገና ጡት የሚጠባ ነው፤ ምን አለበት?» አንበል። እንዲያውም ልጆች አብልጠው የሚያቅፉት ቡችላ ከትልቁ ውሻ ይልቅ ወስፋት ይበዛበታል። የውሻ ወስፋት ዕንቁላል እንደወጣ ወዲያው አይዝም፤ አፈር ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው አቅም የሚያገኘው። ከዚያ በኋላ ግን አፈሩ ውስጥ ለወራት፣ ከተመቸውም ለዓመታት ይቆያል። በአፉ የገባበት ልጅ ጉበቱ፣ ሳንባው፣ አልፎ አልፎም ዓይኑ ሊጎዳ ይችላል። የመንጠቆ ትል እጭ ደግሞ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባል፤ ቆዳ ሥር እየተጠማዘዘ የሚሄድ፣ ክፉኛ የሚያሳክክ ቀይ መስመር ያወጣል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ዓይነ ምድሩ በወደቀ በቀኑ ከተነሳ፣ የወስፋቱ ዕንቁላል አቅም ሳያገኝ ከደጃችን ወጣ ማለት ነው። በየቀኑ ማንሳት ከሽታና ከዝንብ መገላገል ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው።

የቆላችን ፀሐይ ብዙ ያግዘናል። ሙቀትና ድርቀት የትልን ዕንቁላል ይጎዳል። ግን ፀሐይ የማታገኘው ቦታ አለ፦ ቦኖ ውሃ ሥር ያለው ጭቃ፣ የዛፍ ጥላ፣ ዕቃ የሚታጠብበት ጓሮ፣ የቤት ክዳን ጠፈጠፍ የሚወርድበት ጥግ። ልጆች ቀትር ላይ ሙቀት ሸሽተው የሚጫወቱት ደግሞ እዚያው ጥላ ሥር ነው። ውሻውም ቀትሩን የሚያሳልፈው እዚያው ነው።

ሌላም አለ። በእኛ አገር ደረቅ ወንዝ የቆሻሻ መጣያ መስሎ ይታየናል። ክረምት ሲመጣ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ይጠርገዋል፤ «ሄደ፣ ተገላገልነው» እንላለን። ወዴት ሄደ? የራያ ገበሬ ጎርፍ ጠልፎ ማሽላ ማሳው ላይ ያሳርፋል፤ በጎርፍ መስኖ ማረስ የቆየ ጥበባችን ነው። ወንዝ ውስጥ የጣልነው የውሻ ቆሻሻና የታረደ ከብት ሆድ ዕቃ የሚያርፈው ታች ያለ ወንድማችን ማሳ ላይ፣ ከብቱ በሚጠጣበት ኩሬ ውስጥ ነው።

እስቲ አሁን አንድ አጭር ጭውውት እንስማ።

(የዶሮ ጩኸት፤ የበር ማንኳኳት)

ጎረቤት፦ ቤቶች! ደህና አደራችሁ?

አባወራ፦ አልሐምዱሊላህ፤ ግቢ እታለም። ቡናው ሊደርስ ነው።

ጎረቤት፦ ቡናውስ ይደርሳል አያ። የመጣሁት ስለ ውሻው ነበር። ዛሬም ደጄ ላይ ጥሎ አገኘሁት፤ ትናንትም እዚያው ነበር።

አባወራ፦ የኔ ውሻ? እኔኮ ሌሊት ብቻ ነው የምፈታው፤ ሌባና ጅብ ይጠብቅ ብዬ።

ጎረቤት፦ ይጠብቅ እንጂ። እኔስ እንቅልፍ የሚወስደኝ እሱን ተማምኜ አይደል? ግን ሲነጋ ልጄ በባዶ እግሯ የምትወጣው በዚያው በር ነው።

አባወራ፦ ታዲያ ምን ላድርግ? ውሻ ሽንት ቤት አይገባ ነገር!

ጎረቤት፦ እሱ አይገባም፤ አንቱ ግን አካፋ አለዎት። ከመታሰሩ በፊት ከኋላ ባለው ባዶ ቦታ አንድ ዙር ቢያዞሩት እዚያው ይጥላል፤ ከዚያ አንስቶ መቅበር ነው።

አባወራ፦ ሰው ቢያየኝስ? «የውሻ ቆሻሻ ተሸክሞ ይዞራል» አይሉኝም?

ጎረቤት፦ ይበሉዋ! እበት በእጃችን እየዛቅን አድገን፣ የውሻውን በአካፋ ማንሳት አሳፈረን?

አባወራ፦ (እየሳቀ) ረታሽኝ እታለም። አብሽሪ፤ ከነገ ጀምሮ የኔ ሥራ ነው። በይ አሁን ግቢና ቡናሽን ጠጪ።

(የበር ድምፅ፤ አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ጎረቤትየዋ ያነሳችው የእበት ነገር ቁም ነገር አለው። እበት እንለቀልቅበታለን፣ ኩበት እናነድበታለን፣ ማሳ እናዳብርበታለን። የውሻና የድመት ዓይነ ምድር ግን በዚህ መንገድ አይታይም። ከብት ሣር በላ ነው፤ ውሻና ድመት ሥጋ በላ ናቸው፤ የሚሸከሙት ትልም ሌላ ነው። ስለዚህ የውሻና የድመት ቆሻሻ ለጓሮ አትክልት ማዳበሪያ አይሆንም፤ ቃሪያና ሽንኩርት መደብ ላይ አይጣልም።

አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ ያላችሁ ጻፉ፤ የሌላችሁ በልባችሁ ያዙ። ቆሻሻውን እንዴት እናነሳለን?

አንደኛ፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ በተለይ ጠዋት ልጆች ከመውጣታቸው በፊት ግቢውንና ደጃፉን እንይ። ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚሆን አሮጌ አካፋ ወይም ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ይኑረን። አካፋ ከሌለ ፌስታል እጅ ላይ አጥልቀን አንስተን ፌስታሉን ወደ ውስጥ ገልብጠን እንቋጥር።

ሁለተኛ፣ ቆሻሻው ርጥብ ከሆነ መጀመሪያ አመድ እንነስንስበት። አመዱ እርጥበቱን ይመጥጣል፣ ዝንብ ይከላከላል፣ ለማንሳትም ያቀላል። ትሉን ይገድላል ብለን ግን አንተማመንበት።

ሦስተኛ፣ የተነሳው ወደ ሽንት ቤት ጉድጓድ ይግባ፤ ፌስታሉ ግን አብሮ አይግባ፤ ጉድጓዱን ይሞላል። ጉድጓድ ለብቻው መቆፈር የሚፈልግ ሰው ከውሃ ጉድጓድና ከወንዝ ዳር አርቆ፣ ጎርፍ በማይደርስበት ቦታ ይቆፍር፤ በጣለ ቁጥር አፈር ያልብስ።

አራተኛ፣ ሲሚንቶ ወይም ድንጋይ ንጣፍ ላይ የወደቀ ከሆነ ቆሻሻው ከተነሳ በኋላ የፈላ ውሃ እናፍስስበት። በረኪና ሽታ ያጠፋል፤ የወስፋት ዕንቁላል ግን በረኪናን ይቋቋማል። የፈላ ውሃ ይገድለዋል።

አምስተኛ፣ እጅ በውሃና በሳሙና ይታጠብ። ልጆች ቡችላ ነክተው ሳይታጠቡ ምግብ አይቅረቡ። ፊታቸውን በውሻ ማስላስም አይልመዱ።

ስድስተኛ፣ ውሻው ራሱ የትል መድኃኒት ይውሰድ። ለቡችላ ከተወለደ ከሁለት ሳምንቱ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ይሰጣል፤ ሲያድግ ይራራቃል። ከከረጢቱ የሚመጣውን ትል የሚገድለው ፕራዚኳንተል የተባለው መድኃኒት ነው። ልኩን የሚያውቀው የእንስሳት ሐኪም ነውና ክሊኒክ ሄዳችሁ ጠይቁ። መድኃኒት የወሰደ ውሻ የሚጥለው ደግሞ በትልና በዕንቁላል የተሞላ ነው፤ በእነዚያ ቀናት ታስሮ ይቆይ፤ የጣለውም በሙሉ ተለቅሞ ይቀበር።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ወደ ድመት እንለፍ። የማሽላ ጉድጓድና ጎተራ ላለው ቤት ድመት ጌጥ አይደለችም፤ ሠራተኛ ናት። አይጥ የሚያጠፋውን እህል የሚያውቅ ገበሬ ድመቱን አያባርርም። ንጹሕም ናት፤ ቆፍራ ትጥላለች፣ አፈር ትመልሳለች። ችግሩ መሸፈኗ ዓይናችንን ማታለሉ ነው። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ነውና አመሏን አውቀን እንያዛት።

ድመት ለመቆፈር የምትመርጠው ልል አፈር ነው። አሁን ከተሞቻችን ውስጥ በየመንገዱ ዳር ለቤት ግንባታ የተገለበጠ የወንዝ አሸዋ አለ። ጠጋ ብላችሁ እዩት። ጠዋት አሸዋው ላይ የድመት ዳናና የተጫረ ጉድጓድ ታያላችሁ፤ ከሰዓት በኋላ በዚያው ላይ ልጆች ቤት ይሠራሉ፣ ይንከባለላሉ። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ አሸዋውን ማታ ማታ በሸራ ወይም በአሮጌ ጆንያ መሸፈን፣ ዳርና ዳሩን ድንጋይ መጫን። አሸዋ ያስገለበጠ ሰው ሁሉ ይህን ያድርግ። ለድመቷም ጓሮ ጥግ ላይ አሸዋ ወይም አመድ የሞላ አሮጌ ሳፋ አስቀምጡላት፤ ትለምደዋለች።

ስለ ድመት በተለይ ልብ ብለው ሊሰሙን የሚገባቸው ነፍሰ ጡር እናቶች ናቸው። ቶክሶፕላዝማ የሚባል በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ድመት ሆድ ውስጥ ይራባል። አይጥ ወይም ጥሬ ሥጋ በልታ የተያዘች ድመት ለአንድ ለሁለት ሳምንት ያህል ከዓይነ ምድሯ ጋር ታወጣዋለች። ጤነኛ ሰው ቢያዝ ብዙውን ጊዜ ሳያውቀው ያልፋል። አንዲት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘችው እርጉዝ ሳለች ከሆነ ግን ፅንሱን ሊያስወርዳት፣ ወይም የልጁን ዓይንና አንጎል ሊጎዳ ይችላል።

ደስ የሚለው ነገር፣ ተሕዋሱ ከድመቷ እንደወጣ ወዲያው አይዝም፤ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈጅበታል። በየቀኑ የሚጸዳ ሳፋ አደጋው በጣም ይቀንሳል። ነፍሰ ጡሯ ራሷ አታጽዳ፤ ባል አለ፣ ልጅ አለ። ሌላ ሰው ከሌለ እጇ ላይ ፌስታል አጥልቃ ታንሳ፣ ከዚያም በሳሙና ትታጠብ። ድመቷን ማባረር አያስፈልግም። ሌላው ትልቅ በር ጥሬ ሥጋ ነው። ይኸው ተሕዋስ በግና በፍየል፣ በከብትም ሥጋ ውስጥ ይገኛል፤ ስለዚህ እርግዝና ላይ ያለች እናት ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ የተደረገ ክትፎ ትተው። ሰላጣና ጎመንም በደንብ ይታጠብ። ለድመቷም ጥሬ ሥጋ አትስጧት።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ስለ ውሻ ተወርቶ የእብድ ውሻ በሽታ ሳይነሳ አይቀርም። ይህ በሽታ በዓይነ ምድር አይተላለፍም፤ የሚተላለፈው በምራቅ ነው፤ በንክሻ፣ በጭረት፣ በቁስል ላይ በመላስ። ታዲያ ከጽዳት ጋር ምን አገናኘው? ሜዳ ላይ የተጣለ ሆድ ዕቃና የምግብ ትራፊ የሚቀልበው ማንም የማያስከትበውን ውሻ ነው። ቆሻሻ በበዛበት ከተማ ባለቤት የሌለው ውሻ ይበዛል፤ ባልተከተበ ውሻ መካከልም በሽታው ይዛመታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጋ ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል። ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው በውሻ ነው፤ ከሚሞቱት ከመቶ አርባው ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ሙሉ በሙሉ መከላከል ይቻላል።

ውሻ፣ ድመት ወይም ሌላ እንስሳ ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ። የልብስ ሳሙናም ይሆናል። ቡና፣ ናፍጣ፣ በርበሬ፣ ቅጠል አትጨምሩበት። አታስሩት። ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ክትባቱ እዚያ ከሌለ ወደሚገኝበት ሆስፒታል ይልኳችኋል። ጸበልም ሆነ ዱዓ የሚከለክል የለም፤ ግን መጀመሪያ እጠቡ፣ መጀመሪያ ተከተቡ።

ታላላቆቻችን ይህን ክትባት የሚፈሩበት ምክንያት አላቸው። አዲስ አበባ ጉለሌ ውስጥ «ፓስተር» በሚባለው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በሚገኝበት ቦታ፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከበግና ከፍየል አንጎል የሚዘጋጅ ክትባት ይመረት ነበር። የሚሰጠውም ሆድ ላይ፣ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ነበር። አዲሱ ክትባት ግን ክንድ ላይ፣ በተራራቁ ቀናት አራት አምስት ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ነው። «አሥራ አራት መርፌ ሆድ ላይ» የሚለውን ፍርሃት እንተወው።

ነካሹ ውሻ ባለቤት ካለው አትግደሉት። እሰሩና 10 ቀን ጠብቁት። በእነዚህ ቀናት ካልታመመና ካልሞተ፣ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው። የጤና ባለሙያው ለሚወስነው ውሳኔም ይረዳዋል። የተነከሰው ሰው ግን 10 ቀን አይጠብቅ፤ ክትባቱን በዚያው ቀን ይጀምር።

በየከተሞቻችን ውሻ ሲበዛ የሚታሰበው መርዝ መጣል ነው። መርዙ ግን የጎረቤትን የተከተበ ውሻ፣ አሞራንና ድመትን አይለይም። ውሻ መግደል ብቻውን በሽታውን እንዳላጠፋው በብዙ አገር ታይቷል፤ የሞተውን ቦታ ያልተከተበ ውሻ ይሞላዋል። በሽታውን የሚሰብረው ክትባት ነው፤ ከመቶ ውሻ ሰባው በየጊዜው ከተከተበ ሥርጭቱ ይቆማል። ሜክሲኮ ለብዙ ዓመታት ውሾችን በነጻ በገፍ ስትከትብ ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፈውን በሽታ ማጥፋቷን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋግጦላታል። ከሀገራት ሁሉ የመጀመሪያዋ ናት።

ክትባቱ ለሰው ብቻ አይደለም የሚተርፈው። እዚሁ ሰሜን ወሎ፣ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ኢትዮጵያ ውስጥ እንጂ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የለም፤ ያለውም ሁሉ ቢደመር ለአካለ መጠን የደረሰው ከ500 አይበልጥም። ከትልልቅ ጠላቶቹ አንዱ የውሻ በሽታ ነው፤ በባሌ ተራሮች በተደጋጋሚ የገባው የእብድ ውሻ በሽታ መንጋውን አርግፎታል። ከደጋ እረኛ ጋር ያለ ውሻ መከተብ ይህንንም እንስሳ ማዳን ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አንዳንድ አድማጭ «ይህ የፈረንጅ አገር ልማድ ነው» ሊል ይችላል። እውነት ነው፣ ኒው ዮርክ ውስጥ የውሻውን ቆሻሻ ያላነሳ ሰው እንዲቀጣ የሚያዘው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ እዚያም መጀመሪያ የተቃወሙት ነበሩ። እኛ ግን ከዚያ በፊት የኖረ የራሳችን ሥርዓት አለን። በእስልምና ውሻ አፉን የከተተበት ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ አንዱም በአፈር ነው። ለጥበቃና ለአደን ውሻ መያዝ ግን ተፈቅዷል። ክርስቲያኑም ውሻን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያርቃል። በሁለቱም ወገን ውሻን እንጠቀምበታለን፣ ምራቁንና ቆሻሻውን ግን ከማዕዳችንና ከጸሎት ቦታችን እንለያለን። ይህንን ልማድ ወደ ደጃፍ፣ ወደ ልጆች መጫወቻ፣ ወደ ቦኖው ዙሪያ ማስፋት ነው የቀረን።

አንድ ሰው ብቻውን ቢያጸዳ የጎረቤቱ ውሻ ያበላሽበታል። ስለዚህ ነገሩን ወደ እድር ውሰዱት። እድሩ ሲሰበሰብ ሦስት ነገር ይወስን፦ ለቅርጫ የጋራ የሆድ ዕቃ መቅበሪያ ጉድጓድ፣ የሰፈሩ ውሾች በአንድ ቀን የሚከተቡበት ቀጠሮ፣ የየደጃፉ ጽዳት። ክትባቱን ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ተነጋገሩ፤ ባለሙያው ለአንድ ውሻ ከሚመላለስ ሰፈሩ ውሾቹን አስሮ አንድ ላይ ቢጠብቀው ይቀለዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስለ ሽንት ቤትና ስለ ቆሻሻ አወጋገድ ስታስተምር ይህንንም እንድታነሳ ጠይቋት።

ቀኑንም እንጠቁማችሁ። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ይከበራል፤ የክትባቱ ፈልሳፊ ሉዊ ፓስተር በ1895 ያረፈበት ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት ላይ ይውላል። ቅርጫው ታርዶ፣ ሆድ ዕቃው የት ይጣል የሚባልበት ቀን ነው። እድራችሁ ቀጠሮ ሲያጣ ይህንን ይያዝ፦ በመስቀል የሆድ ዕቃው ይቀበራል፣ በማግስቱ ውሻው ይከተባል።

ከመሰናበታችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንተውላችሁ፤ ቤተሰብ ሆናችሁ ተነጋገሩባቸው። አንደኛ፣ ውሃ የቋጠረ ጉበት ለውሻ ጥሬውን ቢሰጥ ከስንት ሳምንት በኋላ አደጋው ወደ ደጃፋችን ይመለሳል? ሁለተኛ፣ የድመት ሳፋ በየቀኑ መጽዳት ያለበት ለምንድን ነው? ሦስተኛ፣ ውሻ የነከሰው ሰው ከሁሉ በፊት ምን ያድርግ፣ ለስንት ደቂቃ? መልሱን ያወቀ ልጅ ላላወቀው ጓደኛው ይንገረው።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)